ጌም ቤት ውስጥ የፈረድኩት ፍርድ

ሥራ ያቆምኩት ባለፈው ክረምት ነው። ጡረታ ወጣሁ ልል ነበር፤ ግን ጡረታ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት ኖሮኝ አያውቅም። ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁት ጌም ቤት ውስጥ ነው፤ መጀመሪያ ቡታጅራ፣ ከዚያ ወልቂጤ፣ በመጨረሻ እንደገና ቡታጅራ። አሁን ሰዉ የሚጫወተው ስልኩ ላይ ነው። አሥር ኮምፒውተር በኬብል አገናኝቶ በር ከፍቶ የሚጠብቅ ቤት የሚፈልግ የለም። የመጨረሻዎቹን ማሽኖች አቧራቸውን አራግፌ ለወሰዳቸው ሰው አስረከብኩ፣ ቁልፉን ለአከራይ መለስኩና ቤቴ ገባሁ።

ጌም ቤት ሲባል ብዙ ሰው የሚመጣለት የኳሱ ጨዋታ ነው። የእኛ ቤት የጦሩ ጨዋታ ቤት ነበር። ለማያውቀው ላስረዳ። ስትጀምር ጥቂት ገበሬዎችና አንድ ቤት ይሰጥሃል። እንጨት ታስቆርጣለህ፣ ወርቅ ታስቆፍራለህ፣ ግንብ ትሠራለህ፣ ወታደር ታወጣለህ። ተራ መጠበቅ የሚባል ነገር የለም፤ አንተ ስታስብ ሌላው እየሠራ ነው። ካርታው ሰዎችህ ከደረሱበት ቦታ በስተቀር ጥቁር ነው፤ ጠላትህ ከጥቁሩ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ አታይም። ብቻህን ከኮምፒውተሩ ጋር ደረጃ በደረጃ የምትጫወተውን ሚሽን እንለው ነበር። ከሰው ጋር በኬብል ተገናኝተህ የምትጫወተውን ደግሞ ኔትወርክ።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ አያሌው ናቸው። የጎጃም ሰው ናቸው፤ ወታደር ቤት የሬዲዮ ሠራተኛ ሆነው ኖረው፣ በኋላ በመንግሥት ሥራ ቡታጅራ ተመድበው መጡና እዚያው ቀሩ። ከፊት ለፊት ጽሕፈትና ፎቶኮፒ፣ ከኋላ ባለው ክፍል ስድስት ኮምፒውተር ነበራቸው። እኔን የቀጠሩኝ ለታይፕ ነበር። ሁለት ወር እንደሠራሁ ከኋላ ያለው ክፍል ኬብሉ ተበላሸና፣ "ረህመት፣ እጅሽ ቀጭን ነው፣ ነይ ያዢልኝ" አሉኝ። በዚያው ቀረሁ።

ኬብል ውስጥ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ፣ እያንዳንዱ የራሱ ቀለም አለው። ቅደም ተከተላቸው አንድ ቦታ ከተዛባ ማሽኖቹ አይተያዩም። ጋሽ አያሌው ጫፋቸውን እኩል ይቆርጡና፣ ጫፉ ላይ የሚሰካው የፕላስቲክ ጭንቅላት ውስጥ አስገብተው ከመቆንጠጣቸው በፊት ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዞሩታል። ስምንቱም ጫፍ ድረስ መድረሳቸውን በዓይናቸው ካላዩ አይቆነጥጡም። ከተቆነጠጠ በኋላ ለእኔ ይሰጡኛል።

"ጎትቺው" ይሉኛል።

"ይበጠሳል ጋሼ።"

"አንቺ እጅ ላይ ይበጠስ። ሰው ሲጫወት ከሚበጠስ አንቺ እጅ ላይ ይበጠስ።"

ሁለት ነገር ደግሞ ከሌላ ሰው አይቼ የማላውቀው ነበራቸው። አንደኛው፣ አዲስ የመጣን ሰው ሚሽኖቹን ሳይጨርስ ኔትወርክ አያስገቡም። ዕድሜውም ሹመቱም አያግዘውም። አንድ የባንክ ሠራተኛ ተቆጥቶ ሲወጣ ትዝ ይለኛል፤ በሳምንቱ ተመልሶ ከመጀመሪያው ሚሽን ጀመረ። ሁለተኛው፣ ሰዎች ሲጫወቱ ሁሉም አሸናፊው ጀርባ ሲሰበሰብ እሳቸው ሄደው የሚቆሙት ከተሸናፊው ጀርባ ነው። ለምን እንደሆነ ጠይቄያቸው ነበር።

"ያሸነፈው ምን እንዳደረገ ራሱ ያወራልሻል" አሉኝ። "ነገሩ የተበላሸው ግን እዚህ ነው። እዚህ ካልቆምሽ አታዪውም።"

ስምንት ዓመት ከእሳቸው ጋር ሠርቼ ወልቂጤ ሄድኩ። አቶ ወልዴ የሚባሉ ነጋዴ ትልቅ ቤት ሊከፍቱ ነው፣ ኃላፊ ይፈልጋሉ ተባለ። ደሞዙ የተሻለ ነበር። ጋሽ አያሌው አልከለከሉኝም፤ መቆንጠጫቸውን ሰጡኝና "ጎትቺው" ብቻ አሉኝ።

የወልቂጤውን ቤት ከባዶ ክፍል አነሣሁት። ጠረጴዛውን አስለካሁ፣ ኬብሉን ዘረጋሁ፣ አሥሩንም ማሽን አቆምኩ። ጨዋታውን ግን አንዱ ማሽን ላይ ጭኜ አስተካከልኩና ከእሱ ወደ ዘጠኙ ገለበጥኩት፤ ጊዜ ለመቆጠብ። የጫንኩበት ዲስክ ከአዲስ አበባ የመጣ ነበር። ውስጡ ያለውን አንድ በአንድ አላየሁም።

አቶ ወልዴ ስለ ሚሽን መስማት አይፈልጉም። "ብቻውን የሚጫወት ሰው ጓደኛ አይጠራም" ይሉ ነበር። ስለዚህ ወልቂጤ ሁሉም ኔትወርክ ሆነ። ቤቱ ይጮኻል፣ ይሟገታል፣ ይወራረዳል። እኔም ዳኛ ሆንኩ። መብራት ሲጠፋ ጨዋታው ይደገም ወይስ ይቆጠር፣ ማን ማንን ሰደበ፣ የምፈርደው እኔ ነኝ። "ረህመት ካለች አለቀ" ይባል ነበር። ይህን መስማት ወደድኩ። እየቆየሁ ሚሽን የሚጫወትን ሰው መናቅ ጀመርኩ፤ ከማሽን ጋር የሚታገል፣ ሰው የሚፈራ እያልኩ።

የቤቱ አንደኛ ሳሚ ነበር። መድኃኒት ቤት የሚሠራ፣ ጣቱ የማይታይ ፈጣን ሰው ነው። በወልቂጤና በቡታጅራ ቤቶች መሀል ውድድር ስናዘጋጅ ሳሚ የእኛ እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል። ከቡታጅራ ጋሽ አያሌው አንድ የማላውቀው ሰው ስም ላኩልኝ፤ ነስሩ፣ የቆሼ በርበሬ ነጋዴ፣ ላፕቶፑን እሳቸው ጋር የሚያሠራ። እሳቸው ስኳራቸው ተነሥቶባቸው ስለነበር አልመጡም። በስልክ፣ "ዳኛዋ አንቺ ከሆንሽ እኔ መምጣት አያስፈልገኝም" አሉኝ።

ነስሩ አርባ የሚጠጋው፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። "አሰላሙ አለይኩም" ብሎ ገባና ወንበሩን ጠየቀኝ። ቆሼ ውስጥ ኔትወርክ የሚያጫውት ቤት ስለሌለ ስድስት ዓመት ሙሉ ቤቱ ባለች አሮጌ ላፕቶፕ ሚሽን ብቻ እንደተጫወተ፣ ሁሉንም በከባዱ ደረጃ ደጋግሞ እንደጨረሰ ነገረኝ። በልቤ ሳቅሁበት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ሰው እንዳይበዛ በር ላይ ስም ጽፈን ነበር ያስገባነው፤ ሠላሳ አራት ሰው። የመጀመሪያውን ጨዋታ ሳሚ አሸነፈ። ሁለተኛውን ነስሩ አሸነፈ፤ ሰዉ "መብራቱ አንዴ ብልጭ ብሎበት ነው" አለ። ሦስተኛው ሲጀመር የሚሰማው የማውስ ድምፅና የዩፒኤሱ ጩኸት ብቻ ነበር። እኔ ሳሚ ሲሸነፍ ማየት ከብዶኝ ነስሩ ጀርባ ቆምኩ። ጋሽ አያሌው ቢኖሩ የት እንደሚቆሙ አውቃለሁ።

ሳሚ ፊት ለፊት ትልቅ ግንብ ሠርቶ ነበር። ከጫካ ጀርባ ደግሞ፣ ማንም በማያየው ጥግ፣ ሁለተኛ የወርቅ ማውጫ ደብቆ ከፍቷል። ነስሩ ወደዚያ ጥግ አንድም ሰው ልኮ አያውቅም፤ ስክሪኑ ላይ ቦታው ጥቁር ነበር። ሃያ አምስተኛው ደቂቃ ላይ ሠራዊቱን ሁሉ አነሣ። ግንቡን አልነካም። ዞረ፣ ጫካውን አቋረጠና ቀጥ ብሎ ጥቁሩ ውስጥ ገባ። ማውጫው ላይ ወደቀበት።

ሳሚ ከወንበሩ ተነሣ። "ሰውዬው ማፕ ከፍቷል" አለ።

ማፕ መክፈት ማለት በሌላ ፕሮግራም ጥቁሩን ገልጦ ሁሉንም ማየት ነው። ከዚያ የከፋ ነውር በቤታችን አልነበረም። ሰዉ በአንዴ ተንጫጫ። "ካላየ እንዴት ያውቃል?" "ፍተሻ!" አቶ ወልዴ በመሀል ገብተው፣ "ረህመት፣ ጨርሺው፣ ወንበር ሊሰበር ነው" አሉኝ።

ነስሩን አስነሥቼ ማሽኑን ከፈትኩ። የጨዋታው ፋይሎች ያሉበት ቦታ ገባሁ። እዚያው ውስጥ ማፕ የሚከፍተው ፕሮግራም ቁጭ ብሏል።

"ፋይሉ አለ" አልኩ።

"የቱ ፋይል?" አለ ነስሩ። "እህቴ፣ ማሽኑ የናንተ ነው። እኔ ዛሬ ነው የተቀመጥኩበት።"

"ታዲያ የት እንዳለ እንዴት አወቅህ?"

"ወርቁ..." ብሎ ጀመረ። "የፊተኛው ወርቅ እኮ..."

አላስጨረስኩትም። ከሰው ጋር ተጫውቶ የማያውቅ ሰው ሳሚን በጤና ሊያሸንፍ አይችልም የሚለው ሐሳብ ገና ሲገባ ጀምሮ ውስጤ ነበር፤ ፋይሉ ሲገኝ ደስ አለኝ ብል እውነት ነው። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ "ነስሩ አጭበርብሯል። አሸናፊው ሳሚ ነው" አልኩ።

አጨበጨቡበት። ለሳሚ አልነበረም ጭብጨባው፤ ነስሩ ጃኬቱን ለብሶ እስኪወጣ ድረስ እያጨበጨቡ ሸኙት። አንገቱን ሳይደፋ በመሀላቸው አልፎ ሄደ።

ሰኞ ጠዋት ማሽኖቹን ሳጸዳ የሳሚን ኮምፒውተር ከፈትኩ። ለምን እንደከፈትኩት አላውቅም። ፋይሉ እዚያም አለ። ቀጣዩን ከፈትኩ፣ አለ። አሥሩም ላይ አለ። ከዲስኩ ጋር የመጣ ነው፤ በሁሉም ላይ የገለበጥኩት እኔ ነኝ። የተከፈተበትን ጊዜ አየሁ፤ አንዱም ላይ፣ የነስሩን ጨምሮ፣ አንድ ቀንም ተከፍቶ አያውቅም።

ለአቶ ወልዴ ነገርኳቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን በሩን ዘጉና፣ "የቤቱ ማሽን ሁሉ የማጭበርበሪያ ዕቃ አለበት ከተባለ ማን ይመጣል?" አሉኝ። "አጥፊውና ዝም በይ። ሰውዬው ነጋዴ ነው፤ ነገ ይረሳዋል።"

አጠፋሁት። ዝምም አልኩ። አምስት ሳምንት። በእነዚያ ሳምንታት ስፈርድ ሰው ቃሌን እንደ ድሮው ይቀበል ነበር፤ እኔ ግን "ረህመት ካለች አለቀ" ሲሉ መስማት ጠልቼ ነበር። ስልኬ በጮኸ ቁጥር ጋሽ አያሌው እየመሰሉኝ እደነግጣለሁ።

ደወሉ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

"ነስሩ ገበያው ላይ ነገር መጥቶበታል" አሉ። "በኮምፒውተር ያጭበረበረ በሚዛኑስ ምን ያደርጋል እያሉ ነው። ለዓመታት አምነውት የሚያስረክቡ ገበሬዎች ዘንድሮ ወደ ሌላ ሄደዋል። የጨዋታው ቅጂ አለሽ?"

ጨዋታው እያንዳንዱን ውጊያ ራሱ ቀድቶ ያስቀምጣል። "አለኝ" አልኩ።

"አይተሽዋል?"

"አላየሁትም።"

"ይዘሽው ነይ።"

ቅጂውን በፍላሽ ይዤ ተነሣሁ። መሀል መንገድ ባለችው ደጋ ከተማ አረቅጥ ላይ መኪና ስቀይር ብርዱ አጥንቴ ገብቶ ነበር። ጋሽ አያሌው ከስተው አገኘኋቸው። እጃቸውን ታጠቡ፣ አደራረቁ፣ ተቀመጡ። ቅጂውን ሲከፍቱ የመረጡት የነስሩን ስክሪን አልነበረም፤ የሳሚን ነው።

"የሳሚን ወርቅ እዪ" አሉኝ።

ከግንቡ ውስጥ ያለው ወርቅ እየተቆፈረ እያነሰ ይሄዳል። አሥራ ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ አለቀ። ሳሚ ግን ፈረሰኛ ማውጣቱን አላቆመም። ፈረሰኛ ያለ ወርቅ አይወጣም። ጋሽ አያሌው አቆሙትና ወደ ነስሩ ስክሪን አዞሩት። ነስሩ ገና በአምስተኛው ደቂቃ አንድ ሰው ልኮ የሳሚን ወርቅ ክምር አይቶት ነበር። ከዚያ በኋላ የሚወጡትን ፈረሰኞች እያየ ይቆጥራል። ወርቁ ማለቅ ባለበት ጊዜ ፈረስ መምጣቱን አላቆመም። ካርታው ላይ ነስሩ ያልደረሰበት አንድ ጥግ ብቻ ቀርቶ ነበር።

"ሚሽኖቹ ላይ ወርቅ ትንሽ ነው የሚሰጡት" አሉ ጋሽ አያሌው። "ስድስት ዓመት ወርቅ የሚያልቅበትን ደቂቃ ሲቆጥር የኖረ ሰው ነው። ይህን ሊነግርሽ አልሞከረም?"

"ሞክሯል።"

"እህ።"

የፋይሉንም ነገር፣ የአምስቱን ሳምንትም ነገርኳቸው። ስክሪኑን አጠፉት። "ፋይሉ ስህተት ነው" አሉ። "ዝምታው ስህተት አይደለም። ሌላ ስም ነው ያለው።"

በማግስቱ ቆሼ ወረድኩ። የገበያ ቀን ነበር። የነስሩ መጋዘን በር ላይ በርበሬው ለፀሐይ ተሰጥቶ ቀልቷል፤ ሚዛኑ አጠገብ ሰባት ስምንት ሰው ቆሟል። ሲያየኝ ሥራውን አላቆመም። ሰላም አልኩት። "ወአለይኩም ሰላም" አለ፣ ዓይኑን ከሚዛኑ ሳያነሣ።

እዚያው ቆሜ ተናገርኩ። እንዴት እንደጀመርኩ አላስታውስም። እኔ ዳኛዋ ነኝ፣ ይህ ሰው አላጭበረበረም፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ አውቄም ዝም ብዬ ከርሜያለሁ አልኩ። ጌም ምን እንደሆነ የማያውቁ ሰዎች ነበሩ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ በማረቆኛ የሆነ ነገር ጠየቁ፤ ነስሩ አጭር መልስ ሰጣቸው። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ፣ "ከወልቂጤ ድረስ ለዚህ መጣሽ?" አሉኝ። "አዎ አባባ" አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁና ጆንያቸውን ሚዛኑ ላይ አወጡ።

ነስሩ እስከ መኪናው ሸኘኝ። ይቅርታ ጠየቅሁት።

"ይቅር ብያለሁ" አለ። "ለአላህ ብዬ። ግን እህቴ፣ ያን ቀን ስንት ሰው ነበር?"

"ሠላሳ አራት።"

"ዛሬ የሰሙት ስምንት ናቸው፤ እነሱም እዚያ አልነበሩም። የነበሩት እያንዳንዳቸው ወሬውን ይዘው ሄደዋል። እኔ ወልቂጤ እየዞርኩ አጭበርባሪ አይደለሁም ልበል?"

"እኔ እነግራቸዋለሁ።"

"እያንዳንዳቸውን?"

"እያንዳንዳቸውን" አልኩ። ስለው ቀላል ነበር።

"ተመልሰህስ ትጫወታለህ?" አልኩት መኪናው ውስጥ ሆኜ።

"ላፕቶፑን ለእህቴ ሰጠኋት" አለ። "እኔ ጨርሻለሁ።"

የሚቀጥለው ቅዳሜ ወልቂጤ ቤቱ በሞላበት ሰዓት ኬብሎቹ ሁሉ የሚገናኙበትን ስዊች ነቀልኩት። አሥሩም ጨዋታ ቆመ። ጩኸቱ ሲበርድ ወንበር ላይ ወጥቼ የሆነውን ነገርኳቸው፤ ዲስኩን፣ ፋይሉን፣ ወርቁን፣ ዝምታዬን። አቶ ወልዴ በር ላይ ሆነው ይሰሙ ነበር። ሳሚ ፊቱ ቀልቶ፣ "አንዴ ተፈርዷል፣ አሁን ምን ይጠቅማል?" አለ።

"የፈረድኩት እኔ ነኝ" አልኩት። "የማፈርሰውም እኔ ነኝ።"

ከወንበሩ ስወርድ አቶ ወልዴ እጃቸውን ለቁልፉ ዘረጉ። አልተከራከርኩም። መቆንጠጫዬን ብቻ ይዤ ወጣሁ። ሳሚ ከዚያ በኋላ ለዓመታት አላነጋገረኝም፤ አንድ ቀን ለእናቴ መድኃኒት ልገዛ ገብቼ፣ አጠቃቀሙን ከጻፈልኝ በኋላ ቀና ሳይል "ያን ወርቅ እኔም መቁጠር ነበረብኝ" አለኝ። ከሳሚ አፍ ይህን ያህል በቂ ነው።

ጋሽ አያሌው መልሰው ተቀበሉኝ። እስካረፉበት ቀን ድረስ አብረን ሠራን፤ ከእሳቸውም በኋላ ቤቱን እኔ ያዝኩ። ሚሽን ሳይጨርስ ኔትወርክ የገባ ሰው የለም። ክርክር ሲነሣ ሁለቱንም እስኪጨርሱ አዳምጣለሁ፣ ቅጂውን ከተሸናፊው በኩል እከፍታለሁ፣ ከዚያ ነው የምናገረው። ቀርፋፋ ዳኛ ይሉኝ ነበር።

የሠላሳ አራቱን ስም ዝርዝር ያን ጊዜ ገልብጬ ይዤዋለሁ። ስዊቹን በነቀልኩበት ቅዳሜ ቤቱ ውስጥ የነበሩት ከነሱ አሥራ ሰባቱ ነበሩ። የቀሩትን መፈለግ ዓመታት ወሰደ። አንዱን አታት ሆስፒታል ታማሚ ሊጠይቅ መጥቶ አገኘሁት፣ አንዱን ሠርግ ላይ፣ ሁለቱን በስልክ። አንዳንዱ ነገሩን ረስቶታል፤ አንዳንዱ "ጌም እኮ ነው" ብሎ ይስቃል። አንዱ ደግሞ፣ "እሱን ሰውዬ እኔም ለስንት ሰው አውርቼዋለሁ" አለኝ። ባገኘሁ ቁጥር ለነስሩ እደውላለሁ። ረጅም አናወራም።

ባለፈው ወር ወልቂጤ መናኸሪያ ላይ ሠላሳኛውን አገኘሁ። አሁን የሚኒባስ ሾፌር ሆኗል፤ ስሙን ጠርቼ ሳስቆመው አላወቀኝም። ተሳፋሪ እስኪሞላለት ነገርኩት። "እሺ፣ ሰምቻለሁ" አለኝና በሩን ዘጋ።

ለነስሩ ደወልኩና የሰውየውን ስምና መልክ ነገርኩት። ከወዲያ በኩል የገበያ ጫጫታ ይሰማ ነበር።

"ያን ቀን ከመስኮቱ አጠገብ ቆሞ የነበረው ነው" አለኝ። "ረጅሙ። እሱ አላጨበጨበም ነበር።"